ሦስት አገር ያስነጠሰው ሰው

ጋሽ እንድሪስ መሞታቸውን የነገረኝ ወንድማቸው ሰይድ ነው። ስልኩ ሲጮህ ምስር እየለቀምኩ ነበር። «እትዬ አስቴር፣ ጋሼ ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ አረፈ» አለኝ። ምስሩን አስቀመጥኩ። እሱም ቀጠለና፣ «መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ልንገርዎት? ነርሷ ልቡን ልታዳምጥ ስታጎነብስ፣ ‹ልጄ፣ የካሴቱ ይሄኛው ገጽ አልቋል፤ ገልብጪውና ሞክሪ› አላት» አለኝ። እንባዬና ሳቄ ተሽቀዳድመው መጡ። የቀደመው ሳቄ ነው።

ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ከዚያ ወዲህ ስጽፍ ቀስ ብዬ ነው፤ ሁለት መስመር ጽፌ መነጽሬን አወልቅና መስኮቱን አያለሁ። ስለ ባለቤቴ መጻፉ ገና አልሆነልኝም። ስለ ጋሽ እንድሪስ ግን ይቻላል፤ ሰውየው በሕይወት ሳሉም ለማንም ከብደው አያውቁም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ደሴ ቧንቧ ውሃ ላይ አንዲት የታይፕ ቤት ከፈትኩ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ እጽፋለሁ። ከጎኔ የጋሽ እንድሪስ ካሴት ቤት ነበር። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እሳቸው የእኔን የጽሕፈት መኪና ቀጭ ቀጭ ይሰማሉ፣ እኔ የእሳቸውን ካሴት ሁሉ እሰማለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ፊቴ ተቀምጦ የፍቺ አቤቱታ ሲያስጽፈኝ፣ ከግድግዳው ወዲያ የሠርግ ዘፈን ተለቀቀ። ሰውየው እንባው በዓይኑ ሞላ። ጋሽ እንድሪስ ይህንን ስነግራቸው ጊዜ በማግሥቱ ግድግዳውን አንኳኩተው፣ «ጴንጤዋ! ዛሬ ምን ዓይነት ጉዳይ ነው የያዝሽው? የሚስማማውን ልክፈትልሽ» አሉኝ።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ነጭ ኮፍያቸው ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ አናጢ እርሳስ ጆሮው ላይ እንደሚሰካ እሳቸው ጥጥ ይሰካሉ። በጥጡ አልኮል ነክረው የመቅጃውን ሄድ፣ ክሩ የሚያልፍበትን ብረት፣ ቀኑን ሙሉ ሲጠርጉ ይውላሉ። «ወላሂ፣ እኔ አልኮል የቀመስኩት በጣቴ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። መንዙማ ይቀዳሉ፣ የኦርቶዶክስ መዝሙር ይቀዳሉ፣ የእኛንም የወንጌል አማኞቹን መዝሙር ይቀዳሉ። እኔ የእጅ ጽሑፌ ደህና ስለነበር ሽፋኖቹ ላይ ርዕስ እጽፍላቸዋለሁ።

የሥራቸው ምሥጢር ጆሯቸው ነበር። ካሴት ሲመጣላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ማጉያው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ገበሬ የምትወልድ ላም ሆድ እንደሚዳስስ ማለት ነው። ከዚያ ይፈርዳሉ። «ይሄ እናትየዋ ናት። ይሄ ልጅ ነው። ይሄ ደግሞ የልጅ ልጅ፤ ሽሽ የሚለው ድምፅ በዝቷል፣ ቅድመ አያቱን አያውቅም።» ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ድምፁ እየሳሳ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። እሳቸው ግን ስንተኛው ትውልድ እንደሆነ፣ በየትኛው መቅጃ እንደተቀዳ፣ የት ላይ ተቆርጦ የት ላይ እንደተቀጠለ ሳይቀር ይነግሩሃል። «ካሴት አይዋሽም» ይሉ ነበር። «ውሸታም ቆርጦ የሚቀዳው ነው።»

ታዲያ ይሄ ሁሉ ጆሮ አንድ ቀን አሳፍሯቸዋል። አዲስ ካሴት ጠፍቶ በነበረ ሰሞን የእኛን መዘምራን ዝማሬ በአሮጌ ካሴት ላይ ቀዱልን። ዝማሬው አጭር ነበር፤ ካሴቱ ረጅም። ሆጤ ሰፈር በአንዲት የመዘምራን እህታችን ሠርግ ላይ ካሴቱ ተከፈተ። ሕዝቡ እያጨበጨበ ዝማሬው አለቀ፣ ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ ከሥሩ የነበረው መንዙማ ከነድቤው ዱም ዱም እያለ ገባ። ግማሹ እድምተኛ የሰፈር ሙስሊም ነው፤ «አጀብ!» ብሎ ጭብጨባውን ቀጠለ። የእኛዎቹም እጃቸው አልቆመም። የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ ብቻ እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። በማግሥቱ ካሴቱን ይዘው ቧንቧ ውሃ መጡ።

«እንድሪስ፣ ይሄ መጨረሻው የእናንተ ነው።»

«ምስጋና አይደል? የተረፋችሁን መልሱልን እንጂ ምን ያጣላናል» አሏቸው ጋሽ እንድሪስ። አገልጋያችን መሳቅ አልፈለጉም ነበር፤ ግን ሳቁ። ያ ካሴት ዛሬም ቤቴ አለ። የባለቤቴ ጭብጨባ ከሁሉም ዘግይቶ ይሰማበታል።

አሁን ወደ አስነጣሹ ልምጣ።

አንድ ዓመት፣ ከሱዳን የተመለሰች አንዲት ነጋዴ የስብከት ካሴት ይዛ መጣች። ሰባኪው በዐረብኛ ይናገራል፣ አንድ ሌላ ሰው በአማርኛ ይተረጉማል። የእናት አባት ሐቅ ነው ርዕሱ፤ ሽፋኑ ላይ ኻርቱም ተቀዳ ይላል። ጋሽ እንድሪስ እየቀዱላት ሳለ ከአድማጮቹ አንዱ በኃይል አስነጠሰ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። አዳራሹ «የርሐሙከላህ» ብሎ መለሰለት። ጋሽ እንድሪስ ሳቁ። «ጴንጤዋ፣ ይሄ ሰውዬ ኻርቱም ላይ ጉንፋን ይዞታል» ብለው ጮሁልኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከሳውዲ የመጣች ሴት ሌላ ካሴት አመጣች። በነጻ የተሰጣት ነው። ርዕሱ ሌላ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ጅዳ ተቀዳ ይላል። መቅጃው ውስጥ ከገባ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ ያ ማስነጠስ ተሰማ። ከነአልሐምዱሊላሁ።

«ኧረ በነቢ! ሰውየው ጅዳ ድረስ ሄዶም አልዳነም!»

ሦስተኛውን ያመጣው ከምሥራቅ፣ ከሶማሊያ ጠረፍ በኩል የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሽፋኑ ላይ ምንም አልተጻፈም። ሹፌሩ ኬላ ላይ ፍተሻ ፈርቶ፣ «እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ» ብሎ ጥሎላቸው ሄደ፤ አልተመለሰም። ጋሽ እንድሪስ ከፈቱት። አስነጠሰ። በዚህኛው ጊዜ ግን አልሳቁም፤ ምክንያቱም የፊተኞቹ ሁለቱ ከማስነጠሱ ጥቂት ቆይቶ ቀጭ ብለው ሲያበቁ፣ ይሄኛው ይቀጥላል።

ሱቃቸው ጠርተው አሰሙኝ። ያው ሰባኪ፣ ያው አስተርጓሚ ነው። ከማስነጠሱ በፊት፣ እናት አባትህን ሳታስፈቅድ ደጅ አትውጣ ይላል። ከማስነጠሱ በኋላ፣ ለአንድ መንገድ ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም ይላል። መንገዱ የጦርነት ነው። መንዙማ የሚል ስቷል፤ የክርስቲያን ጎረቤቱን የሚቀብር ስቷል፤ ያልሳትክ ቤትህን ትተህ ና ይላል።

«እኔን ሥራ ሊያስፈታኝ ነው፤ አንቺን ደግሞ ቀባሪ ሊያሳጣሽ ነው» አሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «ሰውየው ባያስነጥስ ምን ነበረበት! ከማስነጠሱ በፊት እናትህን ስማ፣ ካስነጠሰ በኋላ አትስማ።»

«ሦስቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው እኮ ያመጡት» አልኳቸው።

«ልጆቹ ሦስት ናቸው። እናቲቱ አንዲት ናት። አንዱ ኻርቱም ነኝ ይላል፣ አንዱ ጅዳ ነኝ ይላል፣ አንዱ ስሙን ይደብቃል፤ ወላሂ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መቅጃ የተቀዱ ናቸው። ደግሞ በነጻ! እኔ በዚህ ሥራ ይሄን ያህል ዘመን ስኖር ካሴት በነጻ የሚያድል ነጋዴ አላየሁም። የሆነ ቦታ ተቀምጦ ለየአገሩ የሚበቃውን ያህል ቆርጦ የሚልክ ሰው አለ።»

በዚያ ጊዜ በጋዜጣም በሬዲዮም ስለ እንዲህ ዓይነቱ ነገር በቅጡ የሚናገር አልነበረም። ጋሽ እንድሪስ ግን ባሕር ማዶና ጠረፍ ድረስ የተዘረጋውን ክር ከሱቃቸው ሳይወጡ፣ በአንድ የጉንፋን ሰው ይዘውት ነበር።

ሰይድ የእሳቸው ታናሽ ወንድም ነው። እናት አባታቸው በአንድ ዓመት ሲሞቱ አምስት ዓመቱ ነበር፤ አጥበው፣ አብልተው፣ አስተምረው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመት ሆኖት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል። ደግ፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚያለቅስ ልጅ ነው። አንድ እሑድ ከኮምቦልቻ ወጣና ለወንድሙ ካሴት ሰጣቸው።

«ጋሼ፣ ስማው እስቲ። ልብ ያርሳል። ኡስታዛችን ነው የሰጠን።»

ኡስታዙ ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ትሑት፣ የታመመ የሚጠይቅ ሰው እንደሆነ ሰይድ ቀደም ብሎ ነግሮናል። እሱንና ሦስት የሥራ ጓደኞቹን በየማታው ያስተምራል። ጋሽ እንድሪስ ካሴቱን ከፈቱ። የእናት አባት ሐቅ ነው። ሰይድ ገና ከመጀመሩ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ጋሽ እንድሪስ በኋላ ነግረውኛል፤ በቅጡ የማያስታውሳት እናቱ ትታወሰው ይሆናል። እኔ ከግድግዳዬ ወዲህ መኪናዬን አቁሜ ጠበቅሁ። አስነጠሰ። አልሐምዱሊላህ። ጥቂት ቆየና ቀጭ።

«ቀሪውስ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ቀሪ የለውም። እኔም ጠይቄው፣ ሙሉው ይሄ ነው ብሎኛል።»

«አሃ።»

«ጋሼ… ሐሙስ ልንሄድ ነው። ለትምህርት። ወጪውን ሁሉ እሱ ችሎናል።»

«ወዴት?»

«በምሥራቅ በኩል ወጥተን፣ ከዚያ በመርከብ።»

ጋሽ እንድሪስ የሹፌሩን ካሴት ከመሳቢያ አወጡ፣ ከማስነጠሱ ላይ አስገቡና ቀሪውን አሰሙት። አድምጦ ሲጨርስ የቁጣ ድምፁን እኔም ሰማሁት።

«አንተ ነህ የቀጠልከው!»

«እኔ?»

«መቁረጥ መቀጠል ሥራህ አይደል? ሠርግ ቤት ለጴንጤዎች መንዙማ ያስገባ ማነው? እንዳልሄድ ብለህ ነው!»

በጋሽ እንድሪስ ላይ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ሙያ መሰከረባቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በል እንግዲህ እኔን አትመነኝ። ሐሙስ ስትሄድ ኡስታዝህን አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው። ‹ሰውየው ካስነጠሰ በኋላ ምን ይላል?› በለው። ሌላ ምንም አትበል» አሉት። ሰይድ በሩን አላግቶ ወጣ።

ሄጄ፣ «ጋሽ እንድሪስ፣ ለፖሊስ ይንገሩ» አልኳቸው።

«ብነግር የሚያዘው ሰይድ ነው። ኡስታዙ ከፖሊስ በፊት ይሰማል።»

«ቤት ይቆልፉበታ!»

«እስከ መቼ? አስቴርዬ፣ ሰው ካሴት አይደለም፤ ላዩ ላይ ሌላ አትቀጂበትም። ራሱ ካላጠፋው አይጠፋም።»

ሐሙስ ዕለት ጋሽ እንድሪስ እንደ ወትሮው በጠዋት ከፈቱ። አንዲት ሴት የልጇን የሠርግ ካሴት ልታስቀዳ መጣች፤ ባዶውን ካሴት በሠርጉ ቦታ፣ ሠርጉን በባዶው ቦታ አስገብተው ሊያጠፉት ሲሉ እኔ ነኝ የያዝኳቸው። በሃያ ዓመት እንዲህ አድርገው አያውቁም። ጥጡን ከጆሯቸው ያወርዳሉ፣ መልሰው ይሰካሉ። ዙህር ሰግደው መጡና በሩ ላይ ቆመው ወደ ኮምቦልቻ መውረጃ ያያሉ። መኪናው ከዐስር ሶላት በፊት ይነሣል ብሎ ነበር ሰይድ። «አብሽሩ» ስላቸው፣ «እየተበሸርኩ ነው፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ይሉኛል።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰይድ ሻንጣውን በእጁ እንዳንጠለጠለ መጣ። ላብ በላብ ሆኗል። ወንድሙን አላያቸውም፤ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

«ጠየቅሁት» አለ። «ጓደኞቼ ባሉበት። ፈገግ ብሎ፣ ‹ቀሪውን እዚያ ስትደርሱ ትሰሙታላችሁ› አለኝ። ጋሼ፣ ቀሪ የለውም ብሎኝ ነበር እኮ። ቀጥሎ፣ ‹ቀሪ እንዳለው ማን ነገረህ?› ብሎ አፈጠጠብኝ።»

ጋሽ እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ሻንጣውን ከእጁ ተቀበሉት።

«ሌሎቹ ግን እዚያው ናቸው» አለ ሰይድ። «እኔ ብነግራቸው ፈርቶ ቀረ ነው የሚሉኝ። ካሴቱን ቅዳልኝ፣ ይዤላቸው ልውረድ።»

«ይሄንን አልቀዳም። አንድም ልጅ እንዲወልድ አልፈልግም» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ማሰማት ግን እችላለሁ።» ትልቁን ቴፕ ከመደርደሪያው አወረዱ። «ድንጋይ አለሽ?» አሉኝ። ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል። አራት ከእሳቸው፣ ሁለት ከእኔ ሬዲዮ አወጣን። ድንጋዮቹን ቦርሳዬ ውስጥ ጨምሬ ሱቄን ስዘጋ፣ «አንቺ ደግሞ የት?» አሉኝ።

«ድንጋዩ የእኔ ነው፤ ብቻውን አልሰድም።»

ቁልቁል እስክንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ቴፑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀመጡ። ረዳቱ፣ «አባቴ፣ ይከፈት እንጂ፣ እንጫወት» ሲላቸው፣ «ይሄን ብትሰማ ረዳትነቱን ትተህ ትሄዳለህ» አሉት።

የሰይድ ጓደኞች ኮምቦልቻ መናኸሪያው አጠገብ ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ በተከራዩት ክፍል ውስጥ ነበሩ። ኡስታዙ መኪናውን ሊያመጣ ሄዷል። እኔ ገብቼ ማስደንገጥ አልፈለግሁም፤ እንደ ልማዴ ከግድግዳው ወዲህ ቆምኩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ልጆቼ። ከማንም ጋር ልከራከር አልመጣሁም፤ እኔ ሼህ አይደለሁም፣ ካሴት ቀጂ ነኝ» ሲሉ ሰማሁ። «መጀመሪያ የእናንተን እንስማ። ቀጥሎ የኔን።»

የኡስታዙ ካሴት ተከፈተ። ማስነጠሱ መጣ፣ ተቆረጠ። የሹፌሩ ካሴት ገባ። ማስነጠሱ እንደገና ሲመጣ ከልጆቹ አንዱ ሳያስበው፣ «የርሐሙከላህ» አለ። ሌላኛው ሳቀ። እኔም ውጭ ቆሜ አፌን ያዝኩ። ከዚያ ቀሪው ተሰማ። የእናት ፈቃድ አያስፈልግህም የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቁ ጠፋ።

በመጨረሻ አንድ ሻካራ ድምፅ፣ «ሰባኪው እውነት ነው የሚሉት። እኔ እሄዳለሁ» አለ። ሙሔ የሚሉት ነው፤ የኩታበር ገበሬ ልጅ።

«ቆርጠህ ከሆነ በኃይል አልይዝህም» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ቢያንስ ሙሉውን ሰምተሃል። ግን ሙሔ፣ እናትህ ኩታበር ናት፤ በመኪና ያን ያህል አትርቅም። ዛሬ እሷ ዘንድ እደር። ነገ እሷ ሂድ ካለችህ እኔ ራሴ እሸኝሃለሁ።»

የሙሔ ሻንጣ ሲዘጋ ሰማሁ።

መኪና ቆመ። ኡስታዙ ገባ፤ ወጣት፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ድምፁ የሚያምር ሰው ነው። ሰላምታ ሰጠ፤ ቴፑን ሲያይ እግሩ ደጃፉ ላይ ቆመ። ጋሽ እንድሪስ ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ ኡስታዝ። ቀሪውን አሰምቼያቸዋለሁ። እዚያ ድረስ እንዳይደክሙበት ብዬ ነው።»

ኡስታዙ ዞሮ ወጣ። ሙሔ ተከተለው። መኪናው ሲነሣ ጋሽ እንድሪስ ወጥተው፣ «ሙሔ! ሙሔ!» እያሉ እስከ አስፋልቱ ድረስ በዚያ ረጅም እግራቸው ሮጡ። ኮፍያቸው ወደቀ። ሰይድ አንሥቶ፣ አራግፎ፣ ራሳቸው ላይ አደረገላቸው። በዚያች ሳምንት ውስጥ ወንድሙን ሲነካ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አመሻሹ ላይ ሁለቱን ልጆችና ሰይድን ይዘን ወደ ደሴ ወጣን። በማግሥቱ ጋሽ እንድሪስ ወደ ኩታበር ሄደው የሙሔን እናት ነገሯት። እንዴት ብለው እንደ ነገሯት አላውቅም፤ ስለዚያ ቀን ቀልድ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ሙሔ ምን እንደ ደረሰበት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሰይድ ግን አግብቶ፣ ወልዶ፣ ከወንድሙ ጋር በሆነ ባልሆነው እየተነታረከ ኖረ፤ እሳቸውም በእያንዳንዱ ንትርክ ደስ ይላቸው ነበር።

ከኩታበር በተመለሱ ማግሥት የሹፌሩን ካሴት እጃቸው ላይ አየሁት። ሰው በሰው ላይ ጆሮ የሚጥልበት ጊዜ ነው፤ እንዲህ ያለ ካሴት የተገኘበት ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሁለታችንም እናውቃለን።

«ያቃጥሉት እንጂ፣ ጋሽ እንድሪስ» አልኳቸው። «ቢገኝብዎት ይታሰሩበታል።»

በጥጥ አቧራውን ጠርገው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት።

«ሰይድን ያተረፈው ይሄ ነው፣ አስቴርዬ» አሉኝ። «ነገም ግማሹን ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። በዚች ከተማ ሙሉው ያለበት አንድ ቤት ይኑር።»